ምዕራፍ ሰባት፦ «ዳርኋት»፣ «አገባኋት»፣ «ተጋባን»፤ ጋብቻ በሁለት ትውልድ ዐይን

ሀ. የምዕራፉ ዓላማ

በዚህ ምዕራፍ ሦስት ነገሮችን ትማራላችሁ። አንደኛ፣ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ስለ ጋብቻ አዛውንቱና ወጣቱ ያላቸውን አሳብ የሚያነጻጽር ምንባብ ታነባላችሁ። ሁለተኛ፣ ስለ ጋብቻ በምንነጋገርባቸው ግሦች አማካይነት የግሥን አዕማድ ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ሦስተኛ፣ ሁለት ተቃራኒ አሳቦችን በፍትሕ የሚመዝን ድርሰት መጻፍን ትለማመዳላችሁ። ሦስቱም ትምህርቶች የተያያዙ ስለሆኑ ምንባቡን በጥድፊያ አትለፉት።

ለ. ከማንበባችሁ በፊት

1. አያቶቻችሁ እንዴት እንደ ተጋቡ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ጋብቻውን የወሰነው ማን ነበር?
2. «ልጅቷ ተዳረች» በማለትና «ልጅቷ አገባች» በማለት መካከል ምን ልዩነት ይታያችኋል? መልሳችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ አቆዩ፤ ሰዋስዉን ከተማራችሁ በኋላ ትመለሱበታላችሁ።

ሐ. ምንባብ

ጋብቻ በሁለት ትውልድ ዐይን

(1) ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሊማሊሞ ያመራል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅልበት ደጋ ተዘርግቶ ይታያል። በእነዚህ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከሚከታተሉት ልጆች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ከጓደኛ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ወላጆቻቸው ቤት እየተመላለሱ ስንቅ እያመጡ ይማራሉ። ከእነርሱ መካከል ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆናትን አንዲት ልጅ በአሳባችን እንውሰድ። በጥር ወር በአንዱ ቅዳሜ ስንቋን ልትወስድ ከቤቷ ስትደርስ ነጠላቸውን ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎች ከደጅ ቆመው ታገኛለች። «ከቤታችሁ ዝምድና ፈልገን መጥተናል» ይላሉ። አባቷም «ተማክረን እንነግራችኋለን» ብለው ይሸኟቸዋል። በዚያች ሌሊት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትውልድ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት አሳብ ይዞ ያድራል።

(2) የአባቷን አሳብ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን በደጋው አገር ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ርስት ይወርስ ስለ ነበር ጋብቻ ርስትን ከርስት፣ ወገንንም ከወገን ያገናኝ ነበር። ስለዚህም ውሳኔው የወላጆች ነበር። አስቀድሞ ዘር ይቈጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና አለመኖሩ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ሽማግሌ ይላካል፤ ከሁለቱም ወገን ለጎጆ መውጫ የሚሰጠው ከብትና እህል ይወሰናል፤ ዋስ ይጠራል፤ ቀን ይቈረጣል። ሠርጉም እህል ከተሰበሰበ በኋላ በጥር፣ ወይም ከፋሲካ በኋላ ይደረጋል፤ በዐቢይ ጾም ሠርግ የለምና።

(3) የጋብቻውም ዐይነት ከአንድ በላይ ነበር። በሽማግሌዎችና በዋሶች ፊት በውል የሚፈጸመው የሰማንያ ጋብቻ ይባላል። በቤተ ክርስቲያን በቁርባን የሚጸናው እንደማይፈታ ይቈጠራል፤ በዚህም ምክንያት ከካህናት በስተቀር ብዙ ሰዎች በቁርባን የሚጋቡት በሰማንያ ብዙ ዘመን አብረው ከኖሩ በኋላ ነበር። ሴቲቱ በተወሰነ ክፍያ ከወንድ ጋር የምትኖርበት ደግሞ የደመወዝ ጋብቻ ይባል ነበር። ከሦስቱ ይበልጥ የተለመደው የሰማንያው ነው።

(4) አዛውንቱ ይህን ሥርዐት የሚያወድሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙሽራዪቱ በባሏ ቤት ብትበደል የሚጠይቁላት ሽማግሌዎችና ዋሶች ነበሯት። ጋብቻው ቢፈርስ አብረው ካፈሩት ንብረት ድርሻዋን ይዛ ወደ ወገኖቿ ትመለስ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚታረቁት በሁለቱ ቤተሰቦች ሸንጎ ነበር። በአዛውንቱ ዐይን እንግዲህ የወላጅ ውሳኔ ልጅን ማሰር ሳይሆን ለልጅ መከታ መሆን ነው። ዛሬም የሚሰጉባቸው ነገሮች አሉ። ልጅቷ በኪራይ ቤት ብቻዋን ስትኖር ብትጠለፍስ? ሳታገባ ብትወልድስ? ተምራ ሥራ ብታጣና ዕድሜዋ ቢገፋ «ቆሞ ቀር» ብትባልስ? እነዚህ ጥያቄዎች ከክፋት የመነጩ አይደሉም። ድህነትና ስጋት ያስነሣቸው ናቸው።

(5) ይሁን እንጂ ሥርዐቱ ዋጋ ነበረው፤ ከፋዪዋም በአብዛኛው ልጅቷ ነበረች። ዐሥር ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ልጆች ይዳሩ ነበር። በማደጎ የተሰጠችው ልጅ በአማቶቿ ቤት እየሠራች ታድጋለች። በአንዳንድ ቦታ ባልዮው ልጅቷ እስክትጎለምስ ድረስ ላይደርስባት መሐላ ይገባል፤ መሐላው ግን ሁልጊዜ አይጠበቅም ነበር። ሰውነቷ ሳይጠነክር የምታረግዝ ልጅ ምጥ ሲጸናባትና ሐኪም ሲርቃት ሕይወቷን ታጣለች፤ ወይም ሽንቷን መቈጣጠር የሚያሳጣት ፊስቱላ የተባለው ጉዳት ይደርስባታል። ከዚህም ሁሉ ብታመልጥ ትምህርቷ ተቋርጦ ይቀራል። ወንዱም ቢሆን ከሠርጉ ቀን በፊት አይቷት የማያውቃትን ልጅ ወስዶ «ይህች ናት ሚስትህ» ይባል ነበር።

(6) የወጣቱ አሳብ ከዚህ ይነሣል። ወጣቱ ጋብቻን አይጠላም፤ የሚጠላው ሳይጠየቅ መዳርን ነው። በሁለተኛ ደረጃ የምትማር ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ፣ በራሷ ገቢ ቆማ፣ ከዚያ በኋላ በምትመርጠው ሰው ቤት ለመመሥረት ትፈልጋለች። መሬት የሌለው ወጣት ወንድ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለው። ዱሮ ወላጁ መሬት ቈርሶ ጎጆ ያወጣው ነበር። ዛሬ የወላጁ ማሳ ለወንድሞቹ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዶ በሰሊጥ አጨዳ ለጎጆ መውጫ ይሠራል፤ ወይም ወደ ጎንደር ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ጎጆውን የሚያቆመው በራሱ ላብ ከሆነ፣ ሚስቱንም ራሱ ቢመርጥ ለምን ያስገርማል?

(7) ከዚህ ላይ የለውጡን ምክንያት ልብ በሉ። ርስት የጋብቻ መሠረት በነበረበት ዘመን ርስቱን የያዘው ወላጅ ጋብቻውንም ይይዝ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ይህ መሠረት ተናጋ። ትምህርት ቤት ወደ ገጠር በገባ ቍጥር፣ ከተማም በሰፋ ቍጥር ወጣቱ ከወላጁ እጅ ውጭ የሆነ ኑሮ ያገኝ ጀመር። ስለዚህም አዲሱን አስተሳሰብ የውጭ አገር ልማድ ብቻ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። የኑሮው መሠረት ሲለወጥ የጋብቻውም ሥርዐት ተለውጧል።

(8) ሕጉም ቀስ በቀስ ተጉዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ 18፣ ሴት 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ከለከለ። ይኸው ሕግ ለጋብቻ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ቢጠይቅም፣ መተጫጨትን በሁለት ቤተሰቦች መካከል የሚደረግ ውል አድርጎ ይተረጕም፣ ባልንም የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገ፤ ባልና ሚስትንም በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አደረገ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ የሚያገባ ሰው እስከ ሦስት ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። እንግዲህ በአሳባችን የያዝናት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሕግ ፊት ገና የጋብቻ ዕድሜ ላይ አልደረሰችም።

(9) ሕግ ከወጣ በኋላ ግን ኑሮ ወዲያውኑ አይከተለውም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ድረስ አግብተው ተገኝተዋል። በወንዶች በኩል ይህ አኀዝ ወደ 24 ዓመት ይጠጋል። በሙሽራውና በሙሽራዪቱ መካከል ያለው የዕድሜ ርቀት ራሱ በቤት ውስጥ የማን ቃል እንደሚሰማ ይናገራል።

(10) ሁለቱም ወገኖች ስላለፈው ዘመን የሚናገሩት ሁሉ ሳይመረመር አይታመንም። አዛውንቱ «በእኛ ጊዜ ጋብቻ ይጸና ነበር» ይላሉ። ነገር ግን የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍሎ የሚፈርስ ነበርና፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ማግባት በዚያ ዘመንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ወጣቱ ደግሞ «ዱሮ ፍቅርም ፈቃድም አልነበረም» ይላል። ነገር ግን ዘመናዊው ሕግ ከመውጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ የሚታወቀው ፍትሐ ነገሥት ጋብቻ የተጋቢዎችን ፈቃድ እንደሚሻ ይናገራል። በጥምቀት በዓልም ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ የሚወረውርበት ልማድ አሮጌ እንጂ አዲስ አይደለም። ፈቃድ በአገራችን ባዕድ አሳብ አልነበረም፤ ያላገኘው ኀይል ነበር።

(11) እንግዲህ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላልን? ከጣና ማዶ፣ በዚሁ በአማራ ክልል በይልማና ዴንሳ ወረዳ የተደረገ አንድ ሥራ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. «ብርሃን ሄዋን» የተባለ ፕሮግራም በአንድ የገጠር ቀበሌ ተጀመረ። ፕሮግራሙ ወላጆችን በመንቀፍ አልጀመረም። ለተማሪዎቹ የትምህርት መሣሪያ ሰጠ፤ ከትምህርት ገበታ የራቁትን በአሰልጣኝ እናቶች ሥር አሰባሰበ፤ ከነዋሪዎቹ ጋር ውይይት አደረገ። ልጃቸውን ለሁለት ዓመት ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም የቤት እንስሳ እንዲሰጥ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ጥናት ከ10 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የዚያ ቀበሌ ልጃገረዶች የመዳራቸው ዕድል፣ ለማነጻጸሪያ ከተመረጠው ቦታ ልጆች ይልቅ በ90 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወላጆቹ ልባቸው ከድንጋይ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት ባልተገኘም ነበር። ስጋታቸውና ችግራቸው መልስ ሲያገኝ ውሳኔያቸውም ተለወጠ።

(12) በጎንደርም ዛሬ አንድ አዲስ ልማድ እየሰፋ መጥቷል። ወጣቶቹ አስቀድመው ይተዋወቃሉ፤ ይስማማሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ የተስማሙትን ልጆች ጉዳይ ይዘው ይሄዳሉ፤ ወላጆችም ይመርቃሉ፤ ትዳሩ ሲናወጥ ዳግመኛ የሚሰበሰቡት እነርሱ ናቸው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም በባልና በሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ ቀድሞ ዋስ ይጠብቀው የነበረውን የሴቲቱን ድርሻ ዛሬ ጽሑፍ ይጠብቀዋል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ከየትኛው ባሕር እንደሚቀዱ የሚወስኑት ራሳቸው ቢሆኑ፣ ባሕሩን የሚጠብቁላቸው ወላጆች ቢሆኑ፣ ሁለቱም ትውልድ የሚገባውን ሥራ አገኘ ማለት ነው።

መ. የቃላት ፍች

ርስት፦ ከአባትና ከእናት ወገን በዘር የሚወረስ መሬት።
ሰባት ቤት፦ የዝምድና መቍጠሪያ፤ እስከ ሰባት ትውልድ የሚደርስ የዘር ሐረግ።
ጎጆ መውጫ፦ አዲስ ተጋቢዎች ቤት ሲመሠርቱ የሚሰጣቸው ወይም የሚያዘጋጁት ንብረት።
ማደጎ፦ በዚህ ምንባብ፣ የታጨች ልጅ በአማቶቿ ቤት የምታድግበት ልማድ።
ጠለፋ፦ ሴትን ለማግባት ሲባል ያለ ፈቃዷ በኀይል መውሰድ።
መከታ፦ ከለላ፤ ጋሻ፤ የሚጠለሉበት ነገር።
ለአካለ መጠን መድረስ፦ በሕግ የተወሰነውን የዐዋቂነት ዕድሜ መሙላት።

ሠ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. በአንቀጽ (4) መሠረት አዛውንቱ የወላጅን ውሳኔ «መከታ» የሚያደርጉት በየትኞቹ ሦስት ምክንያቶች ነው?
2. በአንቀጽ (7) የተጠቀሰው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከጋብቻ ጋር ምን ግንኙነት አለው?
3. የ1952ቱንና የ1992ቱን ሕጎች በሁለት ነጥቦች አነጻጽሩ።
4. በአንቀጽ (10) የአዛውንቱም የወጣቱም አነጋገር የታረመው በምን ማስረጃ ነው?
5. «ፈቃድ በአገራችን ባዕድ አሳብ አልነበረም፤ ያላገኘው ኀይል ነበር» ሲል ጸሓፊው ምን ማለቱ ነው? በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።

ረ. ሰዋስው፤ የግሥ አዕማድ

አንድ ግሥ ድርጊቱን ማን እንዳደረገ፣ በማንስ ላይ እንደ ተደረገ በመልኩ ይገልጻል። ይህ መልክ አምድ ይባላል። አዕማድ አምስት ናቸው። «ፈታ» የሚለውን ግሥ ወስደን አምስቱንም እንመልከት።

አድራጊ፦ ባልዮው ሚስቱን ፈታ።
ተደራጊ፦ ሚስቲቱ ተፈታች።
አስደራጊ፦ ዘመዶቹ ሚስቱን አስፈቱት።
ተደራራጊ፦ ባልና ሚስቱ ተፋቱ።
አደራራጊ፦ ዳኛው ባልና ሚስቱን አፋታ።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ባል፣ ተሳቢዋ ሚስት ናት። በሁለተኛው የድርጊቱ ተቀባይ የነበረችው ሚስት ባለቤት ሆናለች፤ ፈቺው ግን አልተጠቀሰም። በአራተኛው ሁለቱም ባለቤቶች ናቸው፤ ድርጊቱን እርስ በርሳቸው ፈጽመውታል። በአምስተኛው ደግሞ ሁለቱ የሚያደርጉትን እንዲያደርጉ የረዳ ሦስተኛ ሰው ገብቷል።

ማንኛውም ግሥ ግን አምስቱን አዕማድ ሁሉ አሟልቶ አይገኝም። የሚከተሉትን የጋብቻ ግሦች በማስተዋል አንብቡ።

ዳረ፦ «አባት ልጁን ዳረ» ስንል ባለቤቱ ወላጅ ነው። «ልጅቷ ተዳረች» ስንል ዳሪው ተሰውሯል። ሙሽሮቹን አንድ ላይ «ተዳሩ» ብንል እንኳ ሁለቱም በሌላ ሰው እጅ ተዳሩ ማለት ነው እንጂ እርስ በርሳቸው ያደረጉት ነገር የለም። በዚህ ግሥ ሙሽሮች የድርጊቱ አድራጊ የሚሆኑበት መንገድ የለም።

አጨ፦ «አጨ»፣ «ታጨች»፣ «ተጫጩ» እንላለን። ይህ ግሥ ለሁለቱም በር ይከፍታል። «ታጨች» ብንል ሌሎች የወሰኑላት ትመስላለች፤ «ተጫጩ» ብንል ግን ሁለቱም ቃል ተሰጣጥተዋል።

አገባ፦ ይህ ግሥ «ገባ» ከሚለው የወጣ ነው። በመልኩ አስደራጊ ሲሆን ጥንተ ትርጕሙ «ወደ ቤት እንዲገባ አደረገ» ማለት ነው። ሙሽራው ሙሽራዪቱን ወደ ቤቱ የሚያስገባበትን ልማድ ያስታውሰናል። ዛሬ ግን ሴትም «አገባሁ» ትላለች፤ ቃሉ ከጥንተ ትርጕሙ ሰፍቷል። ተደራራጊው «ተጋቡ»፣ አደራራጊው «አጋቡ» ነው። «ጋብቻ» የሚለውም ስም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው።

እንግዲህ በምንባቡ ያነበባችሁት የሁለት ትውልድ ክርክር በአንድ የሰዋስው ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፤ በጋብቻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ ማን ነው? የቀድሞው ሥርዐት «ወላጆች ልጆቻቸውን ዳሩ» ይላል። ወጣቱ «ተጋባን» ለማለት ይሻል። አዛውንቱ ወጣቱ «ተጋባን» ሲል ከዓረፍተ ነገሩ ፈጽመው የወጡ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ቋንቋችን ሌላ መንገድ አለው፤ እርሱም አደራራጊው አምድ ነው። «ሽማግሌዎች አጋቧቸው» ስንል የሚጋቡት ወጣቶቹ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹም ሥራ አላቸው። ዳሪ መሆን ቢቀር አጋቢ መሆን አይቀርም።

ማሳሰቢያ፦ ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ሊሰውር እንደሚችል አትርሱ። «በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ተዳረች» ብሎ መጻፍ ይቀላል። «አባቷና አጎቷ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ዳሯት» ብሎ መጻፍ ግን ኀላፊውን ያሳያል። ስለ ከባድ ጉዳይ ስትጽፉ አድራጊውን መጥቀስ ሲገባችሁ በተደራጊ ግሥ አትሸፍኑት።

መልመጃ አንድ

የሚከተሉት ግሦች በየትኛው አምድ እንዳሉ ለዩ፤ ባለቤቱንም አመልክቱ።
1. ሽማግሌዎቹ የተጣሉትን ባልና ሚስት አስታረቁ።
2. ሁለቱ ወጣቶች በጥምቀት ዕለት ተጫጩ።
3. እኅቴ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ታጨች።
4. ጎረቤታችን ሦስት ልጆቹን በአንድ ቀን ዳረ።
5. ባልና ሚስቱ ያፈሩትን ንብረት ተካፈሉ።

መልመጃ ሁለት

በክፍል «ለ» ሁለተኛ ጥያቄ የጻፋችሁትን መልስ አውጥታችሁ አሁን በተማራችሁት መሠረት አርሙ።

ሰ. ድርሰት፤ አመዛዛኝ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

አመዛዛኝ ድርሰት በአንድ ጉዳይ ላይ ያሉ ሁለት አሳቦችን አቅርቦ፣ መርምሮ፣ ከፍርድ የሚደርስ ድርሰት ነው። እንደ ዳኛ ሥራ ነው፤ ዳኛ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ሁለቱን ከሰማ በኋላም ሳይፈርድ ችሎቱን አይዘጋም። በአጻጻፉ አራት ደረጃዎችን ተከተሉ።

አንደኛ፣ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወስኑ። «ጋብቻ» ብቻ ብትሉ ጉዳዩ ባሕር ይሆንባችኋል። «የተማሪን ጋብቻ መወሰን ያለበት ማን ነው?» ብትሉ ግን ልትጨብጡት ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ የማትስማሙበትን አሳብ አስቀድማችሁ ጻፉ። ስትጽፉትም የዚያ አሳብ ባለቤት ቢያነበው «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ በእውነት ጻፉት። ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ።

(ሀ) «የገጠር ወላጆች ኋላ ቀር ናቸው። ለልጆቻቸው አያዝኑም። ልጆቻቸውን ለከብት ሲሉ ይሸጣሉ።»

(ለ) «ብዙ የገጠር ወላጆች ልጃቸውን ቶሎ የሚድሩት እርሷን ለመጕዳት አስበው አይደለም። ልጅቷ ከቤት ርቃ ስትማር እንዳትጠለፍባቸው፣ እነርሱ ካረጁ ወይም ከሞቱም በኋላ ያለ ጧሪ እንዳትቀር ይሰጋሉ። ይሁን እንጂ ይህ ስጋት እውነተኛ ቢሆንም መድኀኒቱ የልጅ ጋብቻ አይደለም፤ ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ከተፈራው የሚብስ አደጋ ይጠብቃታልና።»

የመጀመሪያው አንቀጽ ይሳደባል እንጂ አያስረዳም። አባት ቢያነበው ወረቀቱን ቀድዶ ይጥለዋል። ሁለተኛው አይሳደብም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይልቅ በጽኑ ይቃወማል። አባት እስከ መጨረሻው ሊያነበው ይችላል። ድርሰት የሚጻፈው አስቀድሞ ለሚስማማ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ድካሙ ባላስፈለገም ነበር።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ አሳብ ማስረጃ ፈልጉ። ማስረጃ ሕግ፣ ቍጥር፣ ታሪክ ወይም በዐይን የታየ ነገር ሊሆን ይችላል። ተረትና ምሳሌ ጽሑፍን ያሳምራል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ስላለፈው ዘመን «ሁሉም»፣ «ፈጽሞ»፣ «ምንጊዜም» የሚሉ ቃላት ከብዕራችሁ ሲወጡ ቆም ብላችሁ መርምሩ።

አራተኛ፣ ፍርዳችሁን ስጡ። ሁለት አሳቦች ሁሉ እኩል ክብደት አላቸው ማለት አይደለም። ልጅ ያለ ዕድሜዋና ያለ ፈቃዷ ትዳር ወይስ አትዳር በሚለው ጥያቄ መካከለኛ መንገድ የለም፤ መልሱ አትዳር ነው። ወላጅ በልጁ ትዳር ውስጥ ምን ሥራ ይኑረው በሚለው ጥያቄ ግን ብዙ መካከለኛ መንገድ አለ። የጥሩ ጸሓፊ ምልክቱ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳይቀላቅል ለየብቻ መመለሱ ነው።

አሳቦችን ለማያያዝ የሚከተሉት ሐረጎች ይጠቅሟችኋል። ተቃራኒ አሳብ ለማምጣት «ይሁን እንጂ»፣ «ነገር ግን»፣ «በአንጻሩ»፤ የሌላውን አሳብ በከፊል ተቀብሎ ለመመለስ «ምንም እንኳ … ቢሆንም»፣ «እርግጥ ነው … ሆኖም»፤ ምክንያት ለማሳየት «ስለ ሆነ»፣ «በዚህም ምክንያት»፤ ለማጠቃለል «እንግዲህ»፣ «ስለዚህም» የሚሉትን ተጠቀሙ።

መልመጃ ሦስት

የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በቅንፍ ባለው ሐረግ አያይዛችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
1. ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ዕድሜያቸው ይድራሉ። (ምንም እንኳ … ቢሆንም)
2. ወጣቱ ሚስቱን ራሱ መረጠ። ሽማግሌ መላኩን አልተወም። (ይሁን እንጂ)
3. የወላጁ መሬት አነስተኛ ነበር። ልጁ ለጎጆ መውጫ ወደ መተማ ወረደ። (ስለ ነበር)

መልመጃ አራት

በምንባቡ አንቀጽ (1) የተጠቀሰችውን ልጅና አባቷን አስቡ። በመጀመሪያ አባትየው ለልጃቸው የሚናገሩትን በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ቀጥሎ ልጅቷ አባቷን ሳታዋርድ የምትሰጠውን መልስ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። በሁለቱም አንቀጾች እያንዳንዳቸው ያላቸው ጠንካራ ምክንያት ይታይ።

መልመጃ አምስት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ።
1. ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሠርግ ለአዲስ ተጋቢዎች ይጠቅማልን?
2. ባልና ሚስት ሲጣሉ አስቀድመው መሄድ የሚገባቸው ወደ ሽማግሌ ነው ወይስ ወደ ፍርድ ቤት?
3. በከተማና በገጠር ለሚኖሩ ወጣቶች ትዳር ለመመሥረት ምን መሟላት አለበት?

ከመጻፋችሁ በፊት በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከሚገኙ አንድ አዛውንትና ከአንድ አዲስ ተጋቢ ጋር ተነጋገሩ። አዛውንቱን ተገቢውን ክብር ሰጥታችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አነጋግሩ፤ ንግግራቸውንም ሳታቋርጡ አዳምጡ። ስማቸውን በድርሰታችሁ አትጻፉ፤ አሳባቸውን ግን አትለውጡ። ድርሰቱን ስትጨርሱ እያንዳንዱን ግሥ መልሳችሁ መርምሩ፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነም በየዓረፍተ ነገሩ ጠይቁ።